አጋሮ ላይ ያደረው ቢጫ ማሊያ

ሰው መቼም ጉድ ነው፤ ስለ ራሱ የማይናገረው ነገር የለም። «ተናድጄ ነበር» ይላል፣ ሳይጠየቅ። «ፈርቼ ልሞት ነበር» ይላል፣ እየሳቀ። ስስታምነቱን እንኳ «ቆጣቢ ነኝ» ብሎ አሳምሮ ያወጋችኋል። ግን እስቲ አስታውሱ፤ በዕድሜያችሁ አንድ ሰው ፊታችሁ ቆሞ «ቀናሁ» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ቀናተኛ ምንጊዜም ሌላ ሰው ነው። ጎረቤት ነው፣ የሥራ ባልደረባ ነው፣ የእኅት ባል ነው። እኛማ በቀናን ጊዜ «ነገሩ ትንሽ አላማረኝም» ብለን እናልፈዋለን። ሆዳችን እየነደደ፣ ፊታችን ላይ ፈገግታ ለጥፈን፣ «ማሻአላህ፣ እንኳን ደስ ያለህ» የምንል ሕዝቦች ነን።

እኔ ግን አልደብቃችሁም። ቀናተኛ ነኝ። አላፍርበትም፣ አልጸጸትበትምም። ሌላው ቅናት ከየት እንደመጣበት አያውቅ ይሆናል፤ የእኔን አመጣጥ ግን አሳምሬ አውቀዋለሁ። በብስክሌት ነው የመጣው።

ጊዜው የደርግ ነው። ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት፤ እኔ ደግሞ የጅማ ድምፅ ነኝ። አትሳቁ። ላንድሮቨር ጣሪያ ላይ በታሰረ ድምፅ ማጉያ፣ «የቦሳ አዲስ ቀበሌ ነዋሪዎች ሆይ፣ ነገ ጠዋት ስብሰባ አለ፣ መቅረት ያስጠይቃል» እያልኩ የምዞረው እኔ ነበርኩ፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በኦሮምኛ። ታዲያ በሁለቱም ቋንቋ የሚወደኝ ሰው አልነበረም። ከሩቅ ድምፄን የሰማ ሁሉ ሱቁን ዘግቶ፣ በሩን ቀርቅሮ፣ ልጁን «አባዬ የለም በል» ብሎ አስጠንቅቆ ይደበቃል። ሾፌሩ ጋሽ በቀለ ከሸዋ መጥተው ጅማ ላይ ያረጁ፣ ነገርን ቁርጥ አድርገው የሚናገሩ ሰው ነበሩና፣ «አንተ ልጅ፣ ሠርግህንም ቀበሌ ካልሰበሰበልህ ሰው አይመጣልህም» ይሉኝ ነበር።

ሠርግ ያሉት ያለ ነገር አልነበረም። አጋሮ ውስጥ ሩቂያ የምትባል ልጅ ነበረች። መሠረተ ትምህርት ታስተምራለች። ለምዝገባ ቅስቀሳ ሄጄ፣ ከመኪናው ዱብ ስል ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «ያ ሁሉ ድምፅ የአንተ ነው? እኔ ትልቅ ሰው መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ቁመቴ እንደምታውቁት ነው፤ ባታውቁትም ይህን ካለች በኋላ ገብቷችኋል። ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየም ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አጋሮ ላይ የሚጠራ ስብሰባ ሁሉ በእኔ ካልተጠራ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ከአጋሮ ሕዝብ ያን ዓመት ስብሰባ ለምን እንደበዛበት እስካሁን ያልገባው ካለ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

እንግዲህ አጎቴ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ወደ አባቷ ወደ አባ ፊጣ ሄዱ። አባ ፊጣ ቡና ያላቸው፣ ቃላቸው የሚከበር፣ ሲናገሩ እንኳ ከቃላቸው የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። «እንመካከር፣ ተመለሱ» አሉ። ይህ መልካም ምልክት ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ልጁን የሚሰጥ አባት የለም። ችግሩ ያለው ወጉ ላይ ነው። በእኛ አገር ሽማግሌ የላከ ሰው፣ ቁርጥ ያለ መልስ እስኪመጣለት በልጅቷ ደጅ ዝር አይልም። መንገዱ በዚያ ቢያልፍ እንኳ ዞሮ ይሄዳል። ከልጅቷ ጋር ቆሞ ሲያወራ ከታየማ «ሽማግሌውን ለምን አደከመው?» ይባላል፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል። እኔም እግሬን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። እግሬን ሰብስቤ በተቀመጥኩበት ሰዓት ነው እንግዲህ እግር ብቻ የሆነ ሰው የመጣው።

የብስክሌት ውድድር መጣ። ከየክፍለ ሀገሩ የተውጣጡ ብስክሌተኞች በቡና ከተሞች ዙሪያ ሦስት ሳምንት ገደማ ይጋልባሉ ተባለ። የቡና ለቀማው ወቅት ስለሆነ ሕዝቡን ያነቃቃል ነው ሐሳቡ። እኔና ጋሽ በቀለ ከፊት ከፊት እየሄድን፣ መንገድ እያስጠረግን፣ ሕዝቡን እያሰባሰብን፣ አሸናፊውን እያወደስን እንድንጓዝ ታዘዝን። የየቀኑን መንገድ «ምዕራፍ» ይሉታል። ከጅማው አወቱ መንደራ ተነሥቶ በሰርቦ አድርጎ አሰንዳቦ መድረስ አንድ ምዕራፍ ነው፤ ከአሰንዳቦ መመለስ ሌላ ምዕራፍ። ከዚያ ወደ ሰቃና ሸቤ፣ ዳገቱን ወጥቶ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ደግሞ መመለስ። ከዚያ የቡ በምትባለው ከተማ በኩል አጋሮ፤ አጋሮን መቀመጫ አድርጎ ጌራንና ዙሪያውን ደርሶ መምጣት፤ በመጨረሻም ወደ ጅማ ተመልሶ የጅሬንን አቀበት ወጥቶ ከአባ ጅፋር ግቢ በታች መጨረስ። ሰዓታቸው እየተደማመረ ከሁሉ የቀደመው ቢጫ ማሊያ ይለብሳል። ጠዋት ሲነሣ ለብሶት ይነሣል፤ ማታ ካልተቀማ ለብሶት ያድራል።

ይህን ሁሉ ለሕዝቡ በሁለት ቋንቋ ማስረዳት የእኔ ዕዳ ነበር። ሰርቦ ላይ አንድ አዛውንት ጠርተው፣ «እነዚህ ልጆች አሰንዳቦ ሄደው ምን ይዘው ነው የሚመለሱት?» አሉኝ።

«ምንም አይይዙም፤ ደርሰው ይመለሳሉ።»

«ማሎ! ለዚህ ለዚህማ እኔም እዚሁ እንደተቀመጥኩ ተመልሻለሁ» አሉና ጫታቸውን ቀጠሉ።

ቢጫውን ማሊያ የለበሰው ነስሩ የሚባል የድሬዳዋ ልጅ ነው። የሸቤን ዳገት ሌሎቹ ምላሳቸውን አውጥተው ሲገፉት እሱ እያፏጨ ወጣው። ረጅም ነው። ጥርሱ ነጭ ነው። ከሰው ጋር ለመግባባት አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም፤ አቦ፣ አቦ እያለ ይገባል፣ አቦ፣ አቦ እያለ ይወጣል። ልዋሽ አልችልም፤ መጀመሪያ እኔ ራሴ ወድጄው ነበር። ስሙ ለማይክራፎን ይመቻል። «ነስሩሩሩ!» ብዬ ስለቀው ገደል ማሚቶው ራሱ ደስ ብሎት የሚመልሰው ይመስላል። ስብሰባ ብቻ ሲጠራ የኖረ ሰው፣ ሕዝብ የሚያስጨበጭብ ነገር አፉ ሲገባ እንዴት እንደሚሆን ያልደረሰበት አያውቀውም።

አጋሮ የምንገባበት ቀን ደረሰ። የለቀማ ጊዜ ነውና ቡናው በየመንገዱ ዳር፣ ምን በዳሩ፣ መሐል መንገዱ ላይ ሳይቀር ሊደርቅ ተሰጥቷል። ትዕዛዙ ግልጽ ነበር፤ ቀድመን ገብተን ቡናው እንዲነሣ መናገር። ቀድመን ገባን፤ ተናገርኩ፤ በአማርኛ ተናገርኩ፣ በኦሮምኛ ተናገርኩ። ሕዝቡ ግን ድምፄን ያውቀዋል። ገና «የአጋሮ ነዋሪዎች ሆይ» ከማለቴ፣ ስብሰባ መጣ ብሎ በሩን ዘግቶ ተከተተ። የሚቀጥለውን ቃል የሰማ የለም። መንገዱ ላይ ቡናና እኔ ብቻ ቀረን። ጋሽ በቀለ ግራና ቀኝ አይተው፣ «ከተማውን አጸዳኸው፣ ቡናው ቀረ» አሉ።

ወዲያው ብስክሌተኞቹ ደረሱ። ግማሹ ቡናው ላይ እየረገጠ አለፈ፤ ጀንፈሉ ከጎማው ሥር ሲንኮሻኮሽ እስከ እኛ ይሰማል። ነስሩ ከፊት ነበር። እስከ ቡናው አፋፍ መጣ፣ ፍሬን ያዘ፣ ወረደ፣ ብስክሌቱን ትከሻው ላይ ተሸከመ፤ በቦዩ ዳር እየተራመደ የተሰጣውን ሁሉ ዞሮ ሲያልፍ ሌሎቹ ጥለውት ሄዱ። ሰዓቱ እየሄደበት፣ ማሊያው ሊወሰድበት! ማይክራፎኑ እጄ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ስሜታዊ ሰው ነኝ።

«ተመልከቱ!» አልኩ። «ጓድ ነስሩ የሕዝብን ላብ አልረግጥም ብሎ ብስክሌቱን ተሸከመ! ከዚህ የበለጠ ጨዋ ልጅ ያለው አገር ካለ ያሳየን! ይህ ቡና የማን ነው? ባለቤቱ ወጥቶ የልጁን ፊት ይይ!» ይህንኑ በኦሮምኛ ደገምኩት፤ ኦሮምኛው እንዲያውም ከአማርኛው በለጠ።

አንድ በር ተከፈተ። ከቅያሱ ውስጥ ከዘራቸውን ይዘው፣ ቆባቸውን አስተካክለው የወጡት ሰው አባ ፊጣ ነበሩ። ቤታቸው ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ስለሆነ የተሰጣው ቡና የእሳቸው መሆኑን በምን ልወቅ? ባውቅ ኖሮ ማይክራፎኑን እውጠው ነበር።

«ኤዬ፣ የእኔ ነው» አሉ፤ ነስሩን ዓይን ዓይኑን እያዩ። «ይሄ ልጅ የት ነው የሚያድረው?»

ቀበሌው ብስክሌተኞቹን በየቤቱ ደልድሎ ነበር። ሥጋው ስለሚለያይ ሙስሊሙን ለሙስሊም ቤት፣ ክርስቲያኑን ለክርስቲያን ቤት። ነስሩ ሌላ ቤት ነበር የተመደበው። አባ ፊጣ ከዘራቸውን አንዴ መሬት ላይ ጠቅ አደረጉና፣ «እኔ ቤት ነው የሚያድረው» አሉ፣ ሆነ። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት እንዲህ ነው። ሽማግሌ የላክሁት እኔ፣ በደጁ እንዳላልፍ ወግ ያሰረኝ እኔ። ቤቱ ገብቶ፣ ማዕዱ ላይ ተቀምጦ፣ ከሩቂያ እጅ ውሃ እየታጠበ የሚበላው እሱ! ለዚያውም በእኔ ጠሪነት።

ያን ጊዜ ቀናሁ። ቃሉን አላሽሞነሙነውም። ሆቴል ገብቼ ያዘዝኩት ምግብ አልወርድ አለኝ። ጋሽ በቀለ የራሳቸውን በልተው፣ የእኔንም ወደ ራሳቸው ሳቡና፣ «ምግቡ ምን አጠፋ?» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጌራ ልንነሣ ብስክሌተኞቹ ተሰበሰቡ። ነስሩ ከቅያሱ ብቅ አለ። ማሊያው ከላይ ነው፤ ከታች ደግሞ ሽርጥ አገልድሟል። አባ ፊጣ ያንን ጭን የሚያሳይ የብስክሌተኛ ቁምጣ አይተው፣ «በቤቴ እንዲህ ራቁቱን የሚሄድ የለም» ብለው የራሳቸውን ሽርጥ ሰጥተውታል። አማቴ ይሆናሉ ያልኳቸው ሰው ሽርጥ ሌላ ሰው ወገብ ላይ! ሽርጡን ፈቶ አጣጥፎ ለአንድ ሰው ሊሰጥ ዞር ሲል፣ ሩቂያ ከአጥሩ ጥግ ቆማ ነበር። ተቀበለችው። ሳቅ ብላ ነው የተቀበለችው። እኔ ማየት ስለማይፈቀድልኝ በመኪናው መስተዋት ነው ያየሁት፤ በመስተዋት ደግሞ ሳቅ ከሚገባው በላይ ይሰፋል።

ነስሩ መጥቶ የመኪናዬን በር ተደገፈ። «አቦ፣ ይሄ ቤት ጀነት ነው! ገንፎው በላዩ ቅቤ፣ የጌራ ማር፣ ቀሪቦ በእንስራ! ልጅቷ ደግሞ ቀልዷ... ዋላሂ ስስቅ ሌሊቱን አላስተኛችኝም።»

«ሌሊቱን?»

«አባትየው እኮ አብረውን ነበሩ አቦ!»

ጌራ ሄደን እስክንመለስ ድረስ መንገዱን አላየሁትም። ያ ጫካ፣ ያ ጥላ፣ በየዛፉ ላይ የተሰቀለው ቀፎ፤ ሁሉም አለፈኝ። «ሌሊቱን» የሚለውን ቃል ብቻ እያኘክሁ ሄጄ እያኘክሁ ተመለስኩ።

ስመለስ አጎቴ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሽማግሌዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ አባ ፊጣ ዘንድ ገብተው ወጥተዋል። «ልጄ፣ ነገሩ ጥሩ ነው» አሉኝ፤ «ዘርህን አይተዋል፣ ሥራህን አውቀዋል፣ ሶላትህንም ጠይቀዋል። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷቸዋል።»

«ምን ቀራቸው?»

«ቀናተኛ መሆን አለመሆንህን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሩቂያ ታላቅ እኅት ጅማ ላይ ቀናተኛ አግብታ ነበር። ባልየው ለገበያ በወጣች ቁጥር ቁልፍ ይዞ ይከተላል፣ ከወንድሟ ጋር ስትስቅ ያኮርፋል። በመጨረሻ ልጇን አዝላ አባቷ ቤት ተመልሳለች። አባ ፊጣም፣ «ድሃ ቢሆን እሰጠዋለሁ፣ አጭርም ቢሆን እሰጠዋለሁ፤ ቀናተኛ ከሆነ ግን ሁለተኛ ልጄን አላቃጥልም» ብለው ምለዋል።

«ታዲያ በምን ሊያረጋግጡ ነው?» አልኩ።

«እንደ ወጉ ነዋ። ሰው የሚታወቀው በመንገድ ነው። ከአንተ ጋር ረጅም መንገድ የሄደ ሰው ፈልገው ይጠይቃሉ። እሱ የመሰከረው ይጸናል።» አጎቴ ሻያቸውን ፉት አሉ። «ሩቅም አይሄዱ። ይህን ሁሉ መንገድ አብሮህ የተጓዘ ልጅ ቤታቸው ነው ያለው።»

ለጅብ ሥጋ አደራ! በሕይወቴ ከሁሉ ይልቅ የቀናሁበት ሰው፣ ቀናተኛ ስላለመሆኔ ምስክር ሊሆን! ቅናቴ በፊቴ ላይ ቢነበብ ሩቂያን አጣለሁ። ላለመቅናት ደግሞ ሽርጡን አይቻለሁ። እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ እንደነበር አላውቅም። እኔ ያለኝ አንድ ነገር ነበር፤ ማይክራፎን።

አወደስኩት። በሚቀጥሉት ቀናት አጋሮን መነሻ አድርገው በሚሄዱበት ምዕራፍ ሁሉ፣ በየገበያው፣ በየመስጊዱ በር፣ በየቡና መፈልፈያው ነስሩን አነገሥኩት። ሆዴ በነደደ ቁጥር ድምፄን ከፍ አደረግሁ። እሱ ውሃ ሲጠጣ «አጠጣጡን ተመልከቱ!» አልኩ። የጎማው ከመነዳሪ ፈንድቶ ሲቀይር «እጁን ተመልከቱ!» አልኩ። አንድ ቀን አምስተኛ ወጥቶ ሳለ፣ «አንደኛ የወጣው ይህ ነው፤ ጓድ ነስሩ ግን ጓዶቹን ላለማሳፈር አምስተኛ ወጣ» ብዬ ለአንደኛው የተሰበሰበውን ጭብጨባ ሁሉ ለአምስተኛው ሰጠሁት። ጋሽ በቀለ መሪያቸውን እንደያዙ በጎን አዩኝና፣ «ልጄ፣ እዚህ አገር ሰው እንዲህ የሚመሰገነው ሲሞት ነው» አሉ።

ጉሮሮዬ ተዘጋ። በመጨረሻ የሚወጣው ድምፅ የዛገ ማጠፊያ ያለው በር ሆነ። የዚያን ዕለት ጠዋት ነስሩ አንድ ብርጭቆ ማር ይዞ መጣ። «ከሩቂያ ነው አቦ። ‹ስብሰባ ጠሪው ታሟል፣ ይሄን ላስ ላስ ያድርግ› ብላለች።» ብርጭቆውን አየሁት። እስከ ግማሹ ነው።

«እንዲህ ነው የሰጠችህ?»

«ሙሉ ነበር፤ ቅያሱ ትንሽ ይረዝማል» አለና በነጭ ጥርሱ ሳቀ። ሌላ ሰው ቢሆን የላከችለትን ግማሽ ብርጭቆ አይቶ ይደሰታል። እኔ የጎደለውን ግማሽ እያየሁ ላስኩት።

የመጨረሻው ምዕራፍ ከአጋሮ ወደ ጅማ ነው። የቡ ከተማን እንዳለፍን ነስሩ ከሌሎቹ ተነጥሎ በመኪናችን ጎን መጣ። አንድ እጁን በሩ ላይ እንዳያሳርፍ ዳኞቹ ስለሚያዩት እንዲያው በትይዩ እየጋለበ፣ «አቦ፣ ትናንት ሽማግሌዎቹ ስለ አንተ ጠየቁኝ» አለኝ።

«ምን ብለው?»

«ቀናተኛ ነው ወይ ብለው።»

«ምን አልካቸው?»

ከኋላ ሁለት ብስክሌተኞች ሲደርሱበት አየ። «ኋላ!» አለና ፔዳሉን ረግጦ ተፈተለከ።

እንግዲህ ያን ቀን ስለ ውድድሩ አንድም ቃል የተናገርኩ አይመስለኝም። «ጋሽ በቀለ፣ ድረሱበት!» ብቻ ነው። እሳቸው ደግሞ የውድድሩን ኮሚቴ መኪና አልቀድምም አሉ። ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስበት እሱ ይበርራል፤ ሜዳው ላይ ስንቀርበው ከመሐላችን የአህያ ጭነት ይገባል። የጅሬን አቀበት ሥር ግን ፍጥነቱ ቀነሰ። ከመኪናው ወርጄ በእግሬ ሮጥኩ። ሕዝቡ ለብስክሌተኛው የምሮጥ መስሎት ያጨበጭብልኛል። ነስሩ ጥርሱን ነክሶ፣ ላቡ በአገጩ እየተንጠባጠበ፣ ኮርቻውን ለቅቆ ቆሞ ይረግጣል። «ምን አልካቸው?» እላለሁ። አይመልስም። «ነስሩ፣ በአላህ፣ ምን አልካቸው?» የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። በአቀበት ላይ ያለን ሰው የዕድሜ ልክ ጥያቄ መጠየቅ ትርፉ ልብ መድረቅ ነው። ጥሎኝ ወጣ፤ ቀድሟቸው ደረሰ፤ ማሊያውን የእሱ አድርጎ ጨረሰ።

እያለከለክሁ ስደርስ አባ ፊጣና አጎቴ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ጎን ለጎን ቆመዋል። በእህል መኪና ተሳፍረው ከእኛ ቀድመው ደርሰዋል። አባ ፊጣ ካወቅኋቸው ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥታ ወደ እኔ ተናገሩ።

«የሰው ልጅ እንዲህ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። ለሌላ ሰው ድል!»

አጎቴ በክንዳቸው ጎሸሙኝ፤ ዝም በል ማለታቸው ነው። ዝም አልኩ። ባልልስ፣ ከየት ትንፋሽ አመጣለሁ?

«ልጁ ነግሮናል» ቀጠሉ አባ ፊጣ። «‹አቦ፣ ይሄ ሰውዬ ቅናት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ እናቴ እንኳ ስሜን እንዲህ አትጠራውም› ነው ያለን። እኔም በየገበያው ሲወራ ሰምቻለሁ። ሰው ሌላውን ወንድ፣ ለዚያውም እጮኛዬ ትሆናለች ብሎ በጠየቃት ልጅ ቤት የሚያድረውን፣ እንዲህ ካመሰገነ ልቡ ንጹሕ ነው። ልጄን ሰጥቼሃለሁ። አላህ ያዝልቀው።»

«አሚን» አልኩ። አጎቴም አሚን አሉ። ደስታው ገና ከእግሬ ተነሥቶ ወገቤ ሳይደርስ ግን አባ ፊጣ ከዘራቸውን ወደ ነስሩ ቀሰሩ።

«አንድ ነገር ብቻ። ሚዜው እሱ ይሁን።»

የማይቀና ሰው እምቢ አይልም።

ነስሩ ለሠርጉ ከድሬዳዋ ድረስ መጣ፤ ሽቶውንም፣ ሳቁንም፣ «አቦ»ውንም ሳያጎድል። ሴቶቹ እንኳ የእሱን ስም እየጠሩ ዘፈኑ። የጅማው ፎቶ አንሺ ደግሞ ለዓይን ያምራል ብሎ ረጅሙን ሰው መሐል አቆመው። ሩቂያ በቀኙ፣ እኔ በግራው። ፎቶው ከዚያ ቀን ወዲህ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ነው፤ አዲስ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጣቱን ነስሩ ላይ አሳርፎ፣ «ማሻአላህ፣ ሙሽራው ይሄ ነው?» ይላል። ሩቂያ ትስቃለች። እኔም እስቃለሁ፤ ደመወዝ የማይከፈልበት ሥራዬ ነው።

ቀናተኛ ላልሆነ ሰው ትዳር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ልንገራችሁ? ገበያ አምሽታ ስትመጣ የት ነበርሽ አይባልም። ከመምህራኑ ጋር ስትስቅ ፊት አይጠቆርም። ሬዲዮ ስለ ብስክሌት ሲያወራ ድምፁን ከፍ ስታደርገው «ምነው?» አይባልም። አማቴ፣ አላህ ይማራቸውና፣ እስኪሞቱ ድረስ ለጎረቤት አማቾች ሁሉ ምሳሌ አድርገው ሲያነሡኝ ኖሩ። ሰው በሐሰት ቢመሰከርበት ይግባኝ ይላል፤ በሐሰት የተመሰከረለት ወዴት ይላል?

እንዲህ እንዲህ እያልን ልጆቹ አድገው ወጡ፤ ቤቱ ለሁለታችን ሰፋ። ባለፈው የዒድ ዋዜማ ሩቂያ ቤቱን ስታሰናዳ ፎቶውን አወረደችና መስተዋቱን ትወለውል ጀመር። እኔ ሶፋው ላይ ነኝ። ይህን ሁሉ ዓመት አፌ ላይ የነበረው ነገር፣ አሁንማ አርጅተናል፣ ነስሩም የት እንዳለ አላህ ያውቃል ብዬ፣ እንደ ዋዛ አመለጠኝ።

«ሩቂያ፣ ለመሆኑ ያኔ ነስሩ ላግባሽ ብሎ ቢጠይቅሽ ኖሮ ምን ትይው ነበር?»

መስተዋቱ ላይ እፍ አለችበት። በሻሿ ጫፍ ወለወለችው። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ ትንሽ አየችው።

«አልጠየቀኝማ» አለች።

ተነሥቼ ፎቶውን ከእጇ ተቀበልኩና ቦታው ላይ ሰቀልኩት። ሌላ ወንድ ቢሆን ይህን ሰምቶ ምን ይል እንደነበር እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ ግን «ሻይ አለ?» አልኳት።